ኖራ የለበሰ ምሰሶ

አጥፍቶ ይቅር የተባለ ሰው ደስ ይለዋል። ሳያጠፋ ይቅር የተባለ ሰው ግን ምን ይሁን? ይናደድ? አመስግኖ ይሂድ? ጋሼ ሳያጠፉ ነው ይቅር የተባሉት፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበት፣ ያውም ተጨብጭቦ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከመጀመሪያው ልናገረው፣ ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል።

ሥራዬ የስልክ ኬብል መዘርጋት ነበር። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የሰፈር ልጆች «የቀረህን ክፍል አፍህ ይማርልሃል» ይሉኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ለስልክ ብቻ የሚተከል እንጨት የለም ተብሎ ኬብሉን የምንሰቅለው በመብራት እንጨት ላይ ነው። ከላይ የመብራቱ ሽቦ ያልፋል፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የኛ ኬብል። የመብራቱ ሰውዬ ከትራንስፎርመሩ ያጠፋልናል፣ እኛ ወጥተን ኬብሉ የሚያዝበትን ብረት እንመታለን፣ ኬብሉን ሰቅለን እንወርዳለን። ሲያወሩት ቀላል ነው። እንጨቱ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ ክረምት ከበጋ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የኖረ ባሕር ዛፍ። ሽቅብ ስታየው ጎረምሳ ይመስላል። ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ውስጡ ተበልቶ አልቋል። የቆመው በልምድ ነው።

ስለዚህ አንድ ደንብ ነበረን። ሥራው በሚጀመርበት ቀን መሰላል አንይዝም። መዶሻና የሬንጅ ጣሳ ብቻ ይዘን መስመሩን በእግራችን እንሄደዋለን። እንጨቱን ከታች ኳ እናደርገዋለን። ጤነኛ ከሆነ ድንጋይ እንደመታህ እጅህን ይመልስልሃል። የበሰበሰ ከሆነ ባዶ በርሜል ነው የሚመስለው፤ አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም። በርሜል የሆነውን ደረትህ ጋ በሬንጅ ዙሪያውን ቀለበት ታስርለታለህ። ቀለበት ያለበትን ማንም አይወጣም። አለቃ ቢቆጣ አይወጣም፣ ሚኒስትር ቢመጣ አይወጣም። መኪናው ተጠግቶ በመሰላል ይሠራል፣ አለዚያ አዲስ እንጨት እስኪመጣ ይጠበቃል።

ጋሼ የሥራ ጥንዴ ነበሩ፤ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንወጣው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ በቀበሌ ቤት ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሲበዛ ነጭናጫ ናቸው። ጉልበታቸውን ይራገማሉ፣ ምሳቸውን ይራገማሉ፣ እኔንማ ሲራገሙ ነው የሚውሉት። «አንተ ልጅ አፍህ ውስጥ አንድ ቀን ዝንብ ሳይሆን ወታደር ነው የሚገባው» ይሉኛል። እንጨት ላይ ሲወጡ ግን ዝም ይላሉ። ያኔ ብቻ ነው የማያማርሩት።

የዚያን ጊዜው መስመር ከተክለ ሃይማኖት በኩል ተነስቶ ልደታ ወርዶ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚገባ ነው። ይኼ ሁሉ መንገድ፣ ይኼ ሁሉ ኬብል፣ ለስንት ስልክ ነው ብትለኝ ለአንድ። እሱም የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ ሽቅብ ያየናል፣ «ለኛም ነው?» ይለናል። «ለእናንተ ነው፣ በእናንተ ስም» እላለሁ። ጋሼ በክርናቸው ይጎስሙኛል። ስልኩ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ይጮህ ተብሏል። ለምን ለበዓሉ እንደሆነ አትጠይቀኝ። በዚያን ዘመን ምንም ነገር ለሰው ተብሎ አይሠራም፤ ለበዓል ነው የሚሠራው።

መስመሩን ስንፈትሽ መሀሉ ላይ አንድ እንጨት በርሜል ሆኖ ተገኘ። አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሠራበት ደጅ ፊት ለፊት ነው። ጋሼ ራሳቸው መቱት፣ ራሳቸው ሰሙት፣ በራሳቸው እጅ ቀለበቱን አሰሩለት። ለአለቃችን ነገርነው። «አዲስ እንጨት የለም። ከበዓሉ በኋላ ይታያል» አለ። እሺ፣ መኪና አስጠግተን እንሠራዋለን ብለን ተለያየን።

እሑድ የጽዳት ዘመቻ ነበር። ሁሉም በየቀበሌው ነው የሚወጣው፤ እኔን ተክለ ሃይማኖት ቦይ ሲያስቆፍሩኝ ዋሉ፣ ጋሼም የልደታው ቀበሌ ነዋሪ ቢሆኑም እዚያው ጠመንጃ ያዥ በኩል ሲጠርጉ ዋሉ። ሰኞ ልደታ ስንደርስ መንገዱ ጠፋን። ከዳር እስከ ዳር ያለው የመብራት እንጨት ሁሉ ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ኖራ ተቀብቶ ፍንትው ብሏል። ቤቶቹም የሉም። ማለቴ አሉ፣ ግን እንግዳ እንዳያያቸው ብለው በመንገዱ ዳር ሙሉ የቆርቆሮ አጥር ገትረውባቸዋል። አጥሩም አረንጓዴ ተቀብቷል። ልብስ ሰፊው የለ፣ በረንዳው የለ፣ የምናውቀው በር የለ።

ጋሼ መሀል መንገድ ቆመው ወዲያና ወዲህ አዩ። «ሰፈሩ ገላውን ታጥቦ ነው እንዴ ያደረው?»

«ታጥቦ አይደለም ጋሼ፣ ተገንዞ ነው።»

«ዝም በል። ሰው አለ።»

ሰው ነበረ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ፣ እጁን ወደኋላ አድርጎ አጥሩን እየጎበኘ ነበር። አጠገቡ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ቆማ የሰልፍ መዝሙር ታስጮሃለች። ጥርስህን ይነቀንቅሃል። አለቃችንም ከኛ መኪና ወርዶ ከሊቀመንበሩ ጋር ይጨባበጣል።

ጋሼ ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና አንዱን እንጨት መፋቅ ጀመሩ። ቀለበቱን ፍለጋ ነው። አለቃችን በሩጫ መጣ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀለበት ያሰርንበትን እየፈለግን ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዱ በስብሷል።»

«ሕዝቡ ትናንት ደክሞ የቀባውን ይፍቃሉ? ሊቀመንበሩ ቆሞ እያየ? እኔን ሊያስበሉኝ ነው? ሰንጢውን ይክተቱ።»

ከተቱ። መዶሻውን አወጡ። መዶሻ ቀለም አይፍቅም፣ ማንም አይከለክልም። አንዱን ኳ አደረጉ፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት። ሌላውን መቱ። የሚሰማው መዝሙሩ ብቻ ነው፤ እንጨቱ ራሱ ይዘምራል። እኔ ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለአንድ አፍታ ድምፁን ቢያስቀንሱልን? እንጨት እናዳምጥ።»

«ምን ታዳምጡ?»

«እንጨት።»

አጠገቡ ወደቆሙት አብዮት ጥበቃዎች ዞረ። «እንጨት ምን ይላል እባካችሁ?» ሳቁለት። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀና ወደኔ ዞረ፤ «ለእንጨት ተብሎ የአብዮቱ መዝሙር ይጥፋ ነው የምትለው?»

እንደዚያ ተጠይቀህ ምን ትመልሳለህ። አዎ ብትል ሄድክ ማለት ነው። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አልኩና ተመለስኩ። አፈኛ የተባልኩት ሰውዬ።

የኛን ባለመሰላል መኪና ለሁሉም እንጨት እናስጠጋ አልን። መኪናዋ ለባንዲራ መስቀያ ተፈልጋለች ተባለ። መብራቱ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል፤ የመብራቱ ሰውዬ በየመሀሉ «ስንት ሰዓት ላቆየው?» ይላል። እንግዲህ መውጣት ነው። አንዱን ወጥቼ ሠራሁ፣ ተከታዩን ወጥቼ ሠራሁ። ከዚያ ወዲያ ባለው ሥር ስንደርስ የመውጫ ቀበቶውን ልታጠቅ ስል ጋሼ ከእጄ ነጠቁኝ።

«አንተ ከባድ ነህ። እኔ እቀላለሁ። ወዲያ በል።»

«ጋሼ፣ ይኼ ቢሆንስ?»

«ከሆነ አብረን እናውቀዋለን።»

ወጡ። እላይ ደርሰው ቀበቶውን በእንጨቱ ዙሪያ አሰሩ። ኬብሉን ከታች ሳብኩላቸው። ትንሽ ነው የሳብኩት፤ ሁልጊዜ ከምስበው አይበልጥም። እንጨቱ እንደ ሰካራም ቀስ ብሎ ዘመመ። የመብራቱ ሽቦ ለአፍታ ይዞት ነበር፣ ከዚያ ለቀቀው። ጋሼ ታስረዋል፣ መዝለል አይችሉም። ከነእንጨቱ አጥሩ ላይ ወደቁ። ቆርቆሮው ተጣጥፎ ከሥራቸው ገባ፤ ያ ነው ነፍሳቸውን ያተረፈው።

ቀበቶውን ስፈታ ሊቀመንበሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አየን። መጀመሪያ ያለው ምን መሰለህ?

«አጥሩን ጨረሳችሁት እኮ።»

ጋሼ አጥንታቸው ከታፋቸው በላይ ተሰብሯል። ፊታቸው ከኖራው እኩል ነጥቷል። «አትስበኝ፣ አትስበኝ» ብቻ ይላሉ። ለባንዲራ የተፈለገችዋ መኪና መጥታ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ቦታው ላይ አዲስ እንጨት ቆሟል። የለም የተባለው እንጨት። ከየት እንደመጣ እንጃ። ኖራም ተቀብቷል፤ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ገና እርጥብ ነው፣ እሱ ግን ነጭ ሆኖ ቆሟል። አጥሩም ተቃንቶ ተቀብቷል። አሮጌው እንጨት የለም። ትናንት እዚህ ሰው ወደቀ ብትል የሚያምንህ የለም። ወጥቼ ኬብሉን ጨረስኩ፤ ምን አደርጋለሁ። የሊቀመንበሩ ስልክ ለበዓሉ ጮኸ።

ከበዓሉ በኋላ አለቃችን ጠራኝ። ጋሼ በቸልተኝነት የሕዝብ አጥር በማውደም ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተከሰዋል። የኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ የሸንጎውን ቃል ነው የሚጠብቀው። ጥፋቱ የራሳቸው ነው ከተባለ ከሥራ ይሰናበታሉ፣ ሕክምናውም በራሳቸው ይሆናል። የሥራ ላይ አደጋ ነው ከተባለ ግን መሥሪያ ቤቱ ያሳክማቸዋል፣ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ይፈልግላቸዋል። ይኼው ነው ነገሩ። የአንድ ሰው ቀሪ ዕድሜ አንድ የሬንጅ ቀለበት ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ተንጠለጠለ።

«ታዲያ ይንገሯቸው፣ ቀለበት እንዳሰርንለት» አልኩት አለቃችንን።

«እኔ ቀለበት አላየሁም።»

«ሬንጁን የሰጡን እርስዎ አይደሉም?»

«ሬንጅ ሰጥቻለሁ። የት እንደቀባችሁት አላየሁም።»

«እንጀራ ላይ ቀብተን በላነው።»

«ይኼ አፍህ» አለኝ፣ እና በሩን አሳየኝ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ፈሪ ሰው ከክፉ ሰው በምን እንደሚለይ ጋሼን ጠይቅልኝ።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እግራቸው ተሰቅሏል፣ ሰው ሳይሆን ኬብል ነው የሚመስሉት። አልተቆጡም። ያላማረሩበትን ቀን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«እንጨቱ አለ?» አሉኝ።

«ወስደውታል።»

«እንጨቱ ከሌለ ተወው። ምን ይዘህ ትከራከራለህ? ሊቀመንበሩ ኖራ ነው ይላል፣ አንተ ሬንጅ ነው ትላለህ። ማንን ያምናሉ?»

እኔ መተው አልችልበትም። እንጨቱን ፍለጋ ጀመርኩ። ማገዶ አድርገውት ይሆናል ብዬ እንጨት ተራ አየሁ። ጠመንጃ ያዥ ያሉትን የአናጢዎች ግቢ ሁሉ አየሁ። የለም። አንድ ጠዋት በቀበሌው ሱቅ በኩል ሳልፍ የስኳር ሰልፍ ነበር። ከሱቁ ግድግዳ ሥር ሴቶች አንድ ጫፉ ነጭ የሆነ ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ለሰልፈኛ መቀመጫ ተብሎ ተቆርጦ የተጋደመ ግንድ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ዳር ያሉት ሴትዮ ብድግ ብለው ቀሚሳቸውን አራገፉ። ከተቀመጡበት ሥር አንድ ጥቁር ነገር ታየኝ። ሰው ሲቀመጥ ሲነሳ፣ ሲቀመጥ ሲነሳ፣ ኖራው ተልጧል። ሬንጁ ወጥቷል። ለካስ የሕዝብ መቀመጫ ከኛ ሰንጢ የተሻለ ይፍቃል።

ሴትዮዋ ተመልሰው ሊቀመጡ ሲሉ፣ «እማማ፣ እባክዎ ይቆዩ፣ አይቀመጡብኝ» አልኳቸው።

«አንተ ላይ ማን ተቀመጠ? ተራዬን ልትወስድ ነው?»

«ተራዎን አልፈልግም። የተቀመጡበትን ነው የምፈልገው።»

ሴቶቹ ጮክ ብለው ሳቁ። «የማነው ይኼ ባለጌ?» አለች አንዷ። ተንበርክኬ ጫፉን አየሁት። ሥሩ ጋ የተሰበረው ጫፍ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ እጅህን ብትሰድ የሚገባ። ቀለበቱ ከሱ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ይዞራል። በመዳፌ መታሁት። በርሜል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የሬንጅ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ሴትዮዋ ከሰል ሻጭ ናቸው። ከበላዬ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼን ጥቁር እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «የዘመቻው ቀን ይኼ እንጨት ለኔ ነው የደረሰኝ። አንዴ ቀባሁት፣ ጥቁሩ ወጣ። ደገምኩት፣ ወጣ። ልተወው ይሆን እንዴ ብዬ ያንን ባለ ካኪ ሰውዬ ጠየቅኩት። ሁሉንም አለኝ፣ አንድ ጥቁር እንዳይታየኝ አለኝ።»

«ይኼን ሸንጎ ላይ ይናገሩልኛል?»

ሴቶቹ መሳቃቸውን ተዉ። ሴትዮዋ ወደ ሱቁ መስኮት ዞረው አዩ። «ልጄ፣ የስኳር ካርዴ እኮ እሱ ጋ ነው» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ምን እላቸዋለሁ። ለአንድ ኪሎ ስኳር ሲሉ ፈሩ ልል ነው? በዚያን ጊዜ ስኳር ስኳር ብቻ አልነበረም።

ከአናጢዎቹ መጋዝ ተዋስኩ። የሸንጎው ቀን ጠዋት መጥቼ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰልፈኛው እያየ፣ የባዶውን ጫፍ ከነቀለበቱ መቁረጥ ጀመርኩ። የሱቁ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «ምን ታደርጋለህ?»

«ከሸንጎ ታዝዤ ነው። ማስረጃ ነው» አልኩት ቀና ሳልል። ማስረጃ ሲባል ፈራ። ፈርቶም ግንዱን በእግሩ ያዘልኝ። ቆርጬ ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። «መቀመጫችንን አሳጠርከው!» ብለው ሴቶቹ ከኋላዬ ጮሁብኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ሸንጎው የሚቀመጠው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ትልቁ ፍርድ ቤት እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው፤ ቢሆንም ድሃ የሚፈረድበት እዚህ ነበር። ዳኞቹ ሌሎች ናቸው። ከዳኞቹ ጎን ግን ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ዳኞቹ ከመናገራቸው በፊት ፊቱን ያዩታል። ጋሼን ባለቤታቸውና አንድ ዘመድ በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ሰዉ አዳራሹን ሞልቷል፤ መገኘት ግዴታ ነው።

ክሱ ተነበበ። አለቃችን ተነስቶ «ከመውጣታቸው በፊት እንጨቱን መፈተሽ ነበረባቸው» አለ፣ ወለሉን እያየ። ሊቀመንበሩ ደግሞ፣ «ጓዱ ሠራተኛ ጥፋታቸውን አምነው ግለ ሂስ ካደረጉ ሸንጎው ሊያስብላቸው ይችላል» አለ። ጋሼ ባለቤታቸውን አዩ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ሊያምኑ እንደሆነ ገባኝ። ካመኑ አለቀ፤ ሥራው ሄደ፣ ሕክምናው ሄደ። ከበሩ ጋ ግንዱን ተሸክሜ ተነሳሁ።

«ግለ ሂስ እኔ አደርጋለሁ» አልኩ።

ሰዉ ዞረ። ግንዱን ወስጄ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የበሰበሰው ብናኝ ወረቀታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጓዶች። እንጨቱ መበስበሱን አይተን ይኼንን ቀለበት አሰርንበት። ከዚያ ሰኞ ስንመጣ ኖራ ተቀብቶ አገኘነው። እኔ ደግሞ ብዙ አልተማርኩም፤ ኖራ የተቀባ እንጨት እንደሚድን አላወቅኩም ነበር። ለጋሼ ባለመንገሬ ራሴን እሄሳለሁ።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ሳቅ ይሁን ጉንፋን አልተለየም። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ግዴታ ተብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ይኼ ቀለበት ትናንት ማታ የተቀባ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?»

አልነበረኝም። እውነት ለመናገር አላሰብኩበትም። አፌ መጀመሪያ ደርሶ ጭንቅላቴ ኋላ የቀረበት ጊዜ ይኼ ብቻ አይደለም። ያኔ ከሴቶቹ መሀል ከሰል ሻጯ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ደግሞ የሚከፋኝ ኖራው ነው። ይኼ ልጅ ኖራው ስስ ነበር የሚል ይመስላል። እኔ ነኝ የቀባሁት። እርስዎ ራስዎ አጠገቤ ቆመው አይደል እንዴ? ይኼ ጥቁር እምቢ ብሎኝ ጠየቅኩዎት፣ ሁሉንም አሉኝ፣ ደጋግሜ አለበስኩት። ሥራዬን በደንብ ነው የሠራሁት። በኋላ ሰነፈች እንዳልባል።»

ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ለኖራቸው ተከራክረው ተቀመጡ። እስከ ዛሬ ሆን ብለው ይሁን እውነት ተከፍተው አልጠየቅኳቸውም። ዳኞቹ እንደ ልማዳቸው የሊቀመንበሩን ፊት አዩ፤ እሱ ግን ግንዱን ነበር የሚያየው።

ተመካከሩና ወሰኑ። እንዲህ ሲሉ ነው የወሰኑት፤ አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ሸንጎው ይቀበላል፣ አጥሩን በተመለከተ ግን አብዮቱ ለሠርቶ አደሩ ካለው ርኅራኄ የተነሳ ተከሳሹ ይቅር ተብለዋል። ጭብጨባ። ስለ ኖራው ቃል የለም። ስለ ድምፅ ማጉያው ቃል የለም። ጋሼ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ጎንበስ አሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። የተሰበሩት እሳቸው፣ ያጠፉት እነሱ፣ የሚያመሰግኑት እሳቸው።

«ለምን አመሰገኑ?» አልኳቸው በኋላ።

«ልጆች አሉኝ» አሉ። «አንተ የለህም። ስለዚህ ትቆጣለህ። ተቆጣ፣ ለሁለታችንም ተቆጣልኝ።»

የምቆጣበት ጊዜም ተሰጠኝ። የሕዝብ መቀመጫ በመጋዝ ቆርጬ በማጥፋትና በሸንጎው ስም በመዋሸት ቀበሌ ታሰርኩ። እስር ቤቱን ከሊቀመንበሩ ቢሮ የሚለየው ግድግዳ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ሲጮህ እሰማዋለሁ። ሰውዬው ስብሰባ ነው፣ የሚያነሳው የለም። ጋሼን የሰበረ ስልክ፣ እኔ የዘረጋሁት ስልክ፣ ጆሮዬ ሥር ይጮሃል፣ አንድ ሰው ሄሎ የሚለው አጣ። ስፈታ ግንዱን ትከሻዬ ላይ አሸክመው ወደ ሱቁ አስመለሱኝ፣ ንብረት ነውና። አይቀጠል ነገር። ሴቶቹ አሳጥረው፣ አቁመው ኩርሲ፣ የአንድ ሰው መቀመጫ አደረጉት።

ጋሼ ዳኑ፤ ግን በምርኩዝ። መሥሪያ ቤቱ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ አደረጋቸው። የስኳር ሰልፍ ሲወጡ ያ ኩርሲ ለሳቸው ይለቀቃል፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ወገባቸው እምቢ ይላል። ሁልጊዜ ከመቀመጣቸው በፊት በምርኩዛቸው ኳ ያደርጉታል። «ዛሬም አልዳነም» ይላሉ። ማማረራቸውም ተመልሶላቸዋል።

በዓመቱ እንደገና ዘመቻ መጣ። እንደገና ኖራ። የዚያን ቀን ሥራ ነበረኝና በልደታ በኩል ሳልፍ ጋሼን አየኋቸው። በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ከእንጨት ወደ እንጨት ይሄዳሉ። ከኋላቸው ከሰል ሻጯ ባልዲና ቡርሽ ይዘው ይከተላሉ። ጋሼ እንጨቱን ይመቱና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ድምፅ ማጉያዋ ገና አልመጣችም፣ በማለዳ ነው የወጡት።

«ይኼንስ?» ይላሉ ሴትዮዋ።

«ቀቢው።»

«ይኼንስ?»

ጋሼ ደግመው መቱት። «ይኼን ተይው።»

ተዉት። ከሌሎቹ ነጮች መሀል ጥቁር ሆኖ ቀረ። አንድ ሌላም ወደ ታች ቀረ። ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ ሊጎበኝ መጣ። ያልተቀባው ፊት ቆሞ፣ «ይኼ ለምን ተዘለለ?» አለ።

ሴትዮዋ ባልዲያቸውን ዘቅዝቀው አሳዩት። «ኖራ አለቀብን፣ ጓድ።»

እንጨቱን አየ። ጋሼን አየ። እጁን ወደኋላ አድርጎ አለፈ።

በዚያ መስመር እስከሠራሁ ድረስ ለጥቁሮቹ አዲስ እንጨት አልመጣም። እኔ ግን ያኔ በዚያ መንገድ ስሠራ ነጩን እወጣለሁ፤ ጥቁሩ ሥር ስደርስ ቀበቶዬን ሳልታጠቅ መኪና አምጡ እላለሁ። አለቃችን «ለምን?» አይለኝም። ሬንጅ ስጡን አንልም፣ እሱም አላየሁም አይልም።